የጦይባ እንቁላሎችና አልዞር ያለችው ማራገቢያ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል፣ እንቅልፍ የመጣበት ይተኛ። አስቀድሜ ግን ልናገር፤ እኔ ሲያጣድፉኝ አልወድም። መሃል ላይ "እሺ፣ ከዚያስ?" የሚለኝ ካለ ከመጀመሪያው እጀምርለታለሁ። ተረቱም ራሱ አመሉ እንደዚሁ ነው፤ አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር ወደ ኋላ ዞሮ ያለፈውን ሁሉ ይቆጥራል።

ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ ከዳገቱ ሥር ባለ አንድ ቀበሌ፣ ጦይባ የምትባል ሴት ነበረች። ጦይባ ምን ፈለገች? ብዙ አልፈለገችም። ወርቅ አላለች፣ ቪላ አላለች። አንዲት መዳፍ የምታክል ማራገቢያ እንድትዞርላት ብቻ ፈለገች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይቺ ማራገቢያ ምን እንዲህ አስፈለጋት አትሉም? በዚያ ዓመት በጥር ወር ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ገብቶ ቀበሌውን ጠራርጎት ሄደ። አውራው ሞተ፣ ቄቧ ሞተች፣ እናቲቱ ሞተች፣ ጫጩቱ ሞተ። ቆጡ ሁሉ ባዶ ቀረ። ሴቶቹ ተሰብስበው አለቀሱ፤ አልቅሰው ሲወጣላቸው ደግሞ መከሩ። በሽታው ካልደረሰበት ከወንዝ ማዶ፣ ከየዘመዱ ቤት እየለመኑ ሦስት መቶ የአበሻ ዶሮ እንቁላል ለቀሙ። የሚታቀፍ ዶሮ ስለሌለ መፈልፈያ ሣጥን አሠሩ። ሣጥኑም በጦይባ ጓዳ ተቀመጠ፤ እንቁላል በባትሪ ብርሃን አይታ የሞተውን ካልሞተው የምትለይ እሷ ናትና። እነዚህ ሦስት መቶዎቹ ካልተፈለፈሉ ሌላ ሦስት መቶ የሚሰጥ ዘመድ የለም። ቀበሌው ያለ ዶሮ ይቀራል ማለት ነው።

ሣጥኑን የምትመራው አንዲት የመጫወቻ ካርታ የምታክል ኮምፒውተር ናት። ስክሪን የላት፣ ኪቦርድ የላት፤ ሁሉ ነገሯ አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ተበይዷል። ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው የምትሠራው። ጠርዟ ላይ ፒን የሚባሉ ጥቃቅን የብረት እግሮች ተደርድረዋል፤ በአንዱ ሙቀት ትለካለች፣ በአንዱ አምፖል ታበራለች፣ በአንዱ ማራገቢያ ታዞራለች። የቀበሌው ሰው ቦርዷ ይላታል፣ እኔም ቦርዷ እላታለሁ።

እንቁላል በሃያ አንድ ቀኑ ይፈለፈላል። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ በግንቦት ሐሩር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የሣጥኑ ሙቀት ከሠላሳ ሰባት ተኩል አልፎ ሠላሳ ስምንት ገባ። ሠላሳ ዘጠኝን ካለፈና ከቆየ ጫጩቱ ቅርፊቱ ውስጥ እንዳለ ይሞታል። ማራገቢያዋ ዞራ ሙቀቱን ማስወጣት ነበረባት። አልዞረችም። ጦይባ ሰፌድ አነሳች፣ ክዳኑን ገርበብ አደረገች፣ ማራገብ ጀመረች። ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና "ኡኡ" ብትል የሚደርስ ጎረቤት አልነበረም። በአንድ እጇ እያራገበች በአንድ እጇ ስልክ ደወለች።

የተደወለላት ስመኝ ናት። ስመኝ ኮምቦልቻ ቴክኒክ የተማረች፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ነገር ሳይገባት እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ ናት። በባጃጅ ከነፈች፣ ላፕቶፗን አቅፋ ደረሰች።

"እትዬ ጦይባ፣ ክዳኑን አይክፈቱ! በከፈቱት ቁጥር እርጥበቱ ይሄዳል፤ ቅርፊቱ ይደርቅና ጫጩቱ ሰብሮ መውጣት ያቅተዋል።"

"ብዘጋው ይቀቀላል፣ ብከፍተው ይደርቃል! ታዲያ ምን ላድርግልሽ ልጄ? ይቺን ማራገቢያ እንዲሁ ከሶኬት ብንሰካትስ?"

"የአሥራ ሁለት ቮልት ናት፤ ከሶኬት ብንሰካት ጢስ ሆና ነው የምትወጣው። ደግሞ ያለ ልክ ከዞረች እንቁላሉ ይበርደዋል። ራሷ አውቃ ተነስታ ራሷ አውቃ መቆም አለባት።"

ስመኝም ወደ ማራገቢያዋ ዞረች። "ማራገቢያ ማራገቢያ፣ ለምን አትዞሪም?"

ማራገቢያዋ ተቆጣች። "እኔ ምን አጠፋሁ? ክንፌ ደኅና፣ ዘንጌ ደኅና! ኃይል ሳይመጣልኝ በምኔ ልዙር? ሪሌ ካልከፈተልኝ አልዞርም።"

ሪሌ ማለት የኤሌክትሪክ በር ጠባቂ ነው። ጠቅ ሲል ይከፍታል፣ ጠቅ ሲል ይዘጋል፤ ሌላ ሙያ የለውም። "ሪሌ ሪሌ፣ ለማራገቢያዋ ክፈትላት" አለችው።

"ዘበኛ ሳይታዘዝ በር ይከፍታል? ፒን ካላዘዘኝ አልከፍትም።"

ማራገቢያዋ ሪሌ ካልከፈተላት አትዞርም፤ ሪሌው ፒን ካላዘዘው አይከፍትም። ጦይባ ሰፌድ ታወዛውዛለች፣ እንቁላሉ ይሞቃል።

ስመኝ ላፕቶፗን ከቦርዷ ጋር አገናኘችና አጎንብሳ ፒኑን ፈለገች። ቁጥሩ አሥራ ስምንት ነው። "ፒን ፒን፣ ሪሌውን እዘዘው!"

"ማን? እኔ? እኔኮ ሌላ ሥራ ላይ ተመድቤያለሁ" አለ ፒኑ። "ከአራት ቀን ወዲህ የድምፅ ማጉያ አገልጋይ ነኝ። አንድ ፒን ደግሞ ለሁለት ጌታ አያድርም። ከርነል ካልፈታኝ አላዝም።"

እውነቱን ነው። ከሣጥኑ ጥግ ከተለጠፈች ትንሽ ድምፅ ማጉያ "ቋ… ቋ… ቋ…" የሚል ድምፅ ይሰማል። ስመኝ ጆሮዋን አቀናች። "እትዬ ጦይባ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

ጦይባ አንገቷን ደፋች። "ተዪው ልጄ፣ ረጅም ጣጣ ነው።"

ስመኝ ተወችው፤ እኛም ለጊዜው እንተወው። ማራገቢያዋ ሪሌ ካልከፈተላት አትዞርም፤ ሪሌው ፒን ካላዘዘው አይከፍትም፤ ፒኑ ከርነል ካልፈታው አያዝም። ጦይባ ሰፌድ ታወዛውዛለች፣ እንቁላሉ ይሞቃል። ሠላሳ ስምንት ከሁለት።

ከርነል የሚባለው የሊኑክሱ አለቃ ነው። ማን ምን ይሥራ፣ ማን ማንን ይያዝ የሚለው እሱ ነው። አለቃ ሲባል ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በየትም አገር ያው ነው።

"ከርነል ከርነል፣ ፒን አሥራ ስምንትን ፍታው።"

"በምን ሥልጣኔ?" አለ ከርነሉ። "እኔ ስነሳ መዝገብ አነባለሁ። መዝገቡ 'ፒን አሥራ ስምንት የድምፅ ነው' ካለ የድምፅ ነው። 'የማራገቢያ ነው' ካለ የማራገቢያ ነው። ላንቺ ብዬ ሕግ አላፈርስም። መዝገብ ካልነገረኝ አልፈታም።"

ወይ ጉድ! ማራገቢያዋ ሪሌ ካልከፈተላት አትዞርም፤ ሪሌው ፒን ካላዘዘው አይከፍትም፤ ፒኑ ከርነል ካልፈታው አያዝም፤ ከርነሉ መዝገብ ካልነገረው አይፈታም። ጦይባ ሰፌድ ታወዛውዛለች፣ ላቧ በጆሮ ግንዷ ይወርዳል፣ እንቁላሉ ይሞቃል።

መዝገቡን እነሱ በቋንቋቸው ዲቫይስ ትሪ ይሉታል። የትኛው ዕቃ ከየትኛው እግር ጋር እንደተያያዘ የሚጻፍበት ነው። ስመኝ ደረሰችበትና "መዝገብ መዝገብ፣ አንዲት መስመር ልጻፍብህ" አለችው።

"ስምሽ ማነው? ማን ልኮሽ ነው? የይለፍ ቃል ካልሰማሁ አልገለጥም።"

ስመኝ "ዶሮ" ብላ ሞከረች። "ተሳስቷል" አለ። "ጫጩት" አለች። "ተሳስቷል።" "በማርያም!" አለች። እሱም ተሳስቷል። የቦርዷ ማስታወሻ እዚያው ሰሌዳዋ ላይ የተበየደ ስለሆነ ነቅሎ ሌላ ቦታ መክፈት አይታሰብም።

እንግዲህ ትንፋሽ ሰብስቡ። ማራገቢያዋ ሪሌ ካልከፈተላት አትዞርም፤ ሪሌው ፒን ካላዘዘው አይከፍትም፤ ፒኑ ከርነል ካልፈታው አያዝም፤ ከርነሉ መዝገብ ካልነገረው አይፈታም፤ መዝገቡ የይለፍ ቃል ካልሰማ አይገለጥም። ጦይባ ሰፌድ ታወዛውዛለች፣ እንቁላሉ ይሞቃል። ሠላሳ ስምንት ከአራት።

"እትዬ ጦይባ፣ ይህንን ቦርድ ማነው ያዘጋጀው?"

ጦይባ ፊቷን ወደ ሣጥኑ አዞረች። "እንድሪስ" አለች፣ ስሙ አፏን ያቃጠላት ይመስል።

"ጋሽ እንድሪስ ራዲዮ ሠሪው? ታዲያ እንደውልላቸዋ!"

"ስልኩን ዘግቶታል። የሰፈር ልጆች እየደወሉ ቋ ቋ ስለሚሉት ዘግቶታል።"

ስመኝ ነገሩ ባይገባትም ሮጠች። እንድሪስን ያገኘችው ከገበያው ጫፍ ካለችው ሱቁ ውስጥ፣ የተበተነ ራዲዮ ፊቱ አድርጎ፣ በሩን ግማሽ ዘግቶ ነው። ከትምህርት ቤት ጡረታ የወጣ፣ ብቻውን የሚኖር፣ ሽቦ ሲነካ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነው። ማራገቢያዋ ቆማለች፣ መዝገቡ ተቆልፏል፣ የይለፍ ቃሉን ስጡኝ አለችው።

"ማን ላከሽ? ጦይባ?"

"አዎ፣ ጋሽ እንድሪስ።"

መነጽሩን አወለቀ። "ልጄ፣ ዶሮ ስትታቀፍ ለእንቁላሏ እንደምታወራ ታውቂያለሽ? ቅርፊት ውስጥ ያለ ጫጩት እናቱን የሚያውቃት በድምፅ ነው። እነዚያ ሦስት መቶዎቹ እናት የላቸውም፤ አሳዘኑኝ። ድምፅ ልቀዳላቸው ብል በቀበሌው አንዲት ዶሮ አልተረፈችም። ወንዝ ተሻግሬ እንዳልቀዳ፣ እንቁላሉ ከመጣ በኋላ በሽታ ይዘን እንዳንሄድባቸው መንገዱ ተከልክሏል። ስለዚህ እዚህች ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በሬን ዘግቼ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቋ ቋ አልኩና ቀዳሁት።"

"እርስዎ ነዎት እንዴ?" አለች ስመኝ። ሳቋን ዋጠችው፤ ጨዋ ልጅ ናት።

"እኔ ነኝ። ወስጄ ስገጥመው ጦይባ ከየት የመጣ ድምፅ ነው አለችኝ፣ አልደበቅኳትም፤ የእኔ ነው አልኳት። ሴቶቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት 'እልል በሉ፣ እንድሪስ ሊታቀፍ ነው!' ብላ ሳቀች። እነሱም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ሳልፍ ልጅ ሁሉ 'እናት ዶሮ መጣች' ይለኛል። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው። አፈርኩ፤ አልዋሽሽም፣ በጣም ነው ያፈርኩት። ሽማግሌ ካልመጣልኝ ለእሷ ቤት ቃል አልናገርም።"

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? ጦይባ ሳቋን ጨርሳ እንቅልፏን ተኝታለች፣ እሱ ግን አራት ቀን በሩን ግማሽ ዘግቷል።

በሉ እንቁጠር። ማራገቢያዋ ሪሌ ካልከፈተላት አትዞርም፤ ሪሌው ፒን ካላዘዘው አይከፍትም፤ ፒኑ ከርነል ካልፈታው አያዝም፤ ከርነሉ መዝገብ ካልነገረው አይፈታም፤ መዝገቡ የይለፍ ቃል ካልሰማ አይገለጥም፤ የይለፍ ቃሉ ከእንድሪስ አፍ ካልሆነ ከማንም አይወጣም፤ እንድሪስ ሽማግሌ ካልመጣለት አይናገርም። ጦይባ ሰፌድ ታወዛውዛለች፣ እንቁላሉ ይሞቃል። ሠላሳ ስምንት ከስድስት።

ሽማግሌ ሲባል በዚያ ቀበሌ ሸህ ሙሄ ናቸው። ስንቱን ባልና ሚስት፣ ስንቱን ድንበርተኛ ያስታረቁ። ስመኝ ወፍጮ ቤት ደጃፍ አገኘቻቸው፤ በቆሏቸው እስኪፈጭ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። እያለከለከች ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ማራገቢያውን፣ ሪሌውን፣ ፒኑን፣ ከርነሉን፣ መዝገቡን፣ ኩርፊያውን። ሸህ ሙሄ አንገታቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ከርነሉ ጋ ስትደርስ "እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?" ብለው ጠየቁ።

"የማንም አይደለም አባባ። ብቻ ይምጡና ጋሽ እንድሪስን ይለምኑልን።"

"ልጄ፣ ዕርቅ ሥርዓት አለው" አሉ። "በስልክ አይታረቁም፣ በተላላኪ አይታረቁም። በደለኛው መጥቶ ፊቴ ካልተቀመጠ እኔ ከዚህ አልነሳም። ጦይባ ትምጣና ትቀመጥ፤ ያን ጊዜ ሄጄ እለምነዋለሁ።"

"እንቁላሉን ትተው እንዴት ይምጡ?"

"እሱን እሷ ታውቃለች። ሥርዓቱ ይኸው ነው።"

ስመኝ ተመልሳ ዳገቱን ወጣች። ጓዳ ስትገባ ጦይባ ያው ናት፤ ሰፌዱ በቀኝ እጇ፣ ቀኝ ሲዝል በግራ።

"እትዬ ጦይባ፣ ሸህ ሙሄ ይምጡና ይቀመጡ ብለዋል።"

"እንዴት ብዬ ልሂድ! ለማን ጥያቸው? ማራገቢያዋ ካልዞረች ወላሂ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!"

ስመኝ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። በጣቷ እየቆጠረች እንዲህ አለች፦ "ማራገቢያዋ ሪሌ ካልከፈተላት አትዞርም፤ ሪሌው ፒን ካላዘዘው አይከፍትም፤ ፒኑ ከርነል ካልፈታው አያዝም፤ ከርነሉ መዝገብ ካልነገረው አይፈታም፤ መዝገቡ የይለፍ ቃል ካልሰማ አይገለጥም፤ የይለፍ ቃሉ ከእንድሪስ አፍ ካልሆነ ከማንም አይወጣም፤ እንድሪስ ሽማግሌ ካልመጣለት አይናገርም፤ ሽማግሌው ጦይባ ካልተቀመጠች አይነሱም፤ ጦይባ…" ቀና ብላ አየቻት። "ጦይባ ማራገቢያዋ ካልዞረች አትሄድም።"

ዘጠኝ ጣት ነበር የቆጠረችው። አሥረኛው ጣት ላይ የሚቀመጥ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ተመልሶ ማራገቢያዋ ናትና።

"ይሄንን ተምረነዋል" አለች ስመኝ። "ኮምፒውተር ላይም ይደርሳል። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ፣ ሌላው ሌላውን ሲጠብቅ፣ ዞሮ ራሱ ላይ ይመጣና ሁሉም እንደቆመ ይቀራል።"

"መድኃኒቱስ ምንድን ነው?"

"አንዱ የያዘውን መልቀቅ አለበት። ማንንም ሳይጠብቅ።"

ሙቀቱ ሠላሳ ስምንት ከስምንት ደርሷል፣ እኩለ ቀን እየቀረበ ነው። ክንዷ ዝሎ ሰፌዱ ለአፍታ ቆመ። ጓዳው ጸጥ ሲል ድምፅ ማጉያዋ ብቻ "ቋ… ቋ…" አለች።

ከእንቁላሎቹ መሃል አንድ ነገር መለሰ። "ጪው።"

ጦይባ ጆሮዋን ሣጥኑ ላይ ለጠፈች። ድምፅ ማጉያዋ "ቋ" ስትል፣ ከቅርፊቱ ውስጥ "ጪው"። "ቋ" ስትል፣ ከወዲህ ጥግ "ጪው"፣ ከወዲያ ጥግ "ጪው ጪው"። ቅጂው ጨርሶ እስኪጀምር ዝም ሲል እነሱም ዝም አሉ። እንደገና ሲጀምር እንደገና መለሱ።

"ያ አላህ!" አለች ጦይባ። ዓይኗ ዕንባ ሞላ። "ይሰሙታል። ስመኝ፣ ይሰሙታልኮ! እኔ የሳቅሁበትን እነሱ እናታችን ብለው ይመልሱለታል! ምን ዓይነት ክፉ ሴት ነኝ?" ሰፌዱን ወረወረችላት። "ያዢ! አራግቢ!"

"ወዴት ነው?"

ጦይባ ሄዳለች። ነጠላዋ ተጎተተ፣ አንድ ጫማዋ ወለቀ፣ አልዞረችም። በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ስታልፍ ሸህ ሙሄ "እሰይ፣ መጣሽ? ተቀመጪ" ሲሏት አልሰማቻቸውም፤ ብትሰማም የምትቆም አልነበረችም። የእንድሪስን ግማሽ በር ሙሉውን ከፈተችው።

እንድሪስ ደንግጦ ተነሳ። ሽማግሌ የለ፣ ተላላኪ የለ። ጦይባ ብቻዋን፣ በአንድ እግር ጫማ።

"እንድሪስ፣ በድዬሃለሁ" አለች። "ሰው ፊት ሳቅሁብህ። አሁን ደግሞ ሰው ባይኖርም እነግርሃለሁ፣ ሰው ሲኖርም እናገረዋለሁ። እንቁላሎቹ ይመልሱልሃል። ቋ ስትል ጪው ይላሉ። አንተ ልክ ነበርክ፣ እኔ ነበርኩ ያላወቅሁት። ይቅር በለኝ።"

እዩ እንግዲህ፤ የይለፍ ቃል አላለችም። ማራገቢያም አላለች። ለዚህም ይመስለኛል እንድሪስ አንድ እርምጃ ወደ እሷ የቀረበው።

"ይመልሳሉ?" አለ። "በእውነት?"

"ወላሂ።"

"ይቅር ብያለሁ ጦይባ፣ ይቅር ብያለሁ። ለመሆኑ ማራገቢያዋ ለምን ቆመች?"

"ፒኑ ለድምፅ ተሰጥቷል አለች ልጅቱ።"

እንድሪስ ግንባሩን በመዳፉ መታ። "እኔ ነኛ! ድምፁን የገጠምኩት በደመና ቀን ነበር፣ እስከ ዛሬም ፀሐይ አልወጣም፤ ማራገቢያዋ ባትዞር ጊዜ ቀኑ ቢበርድ ነው አልኩ። የያዘችውን እግር ነጥቄ ለድምፄ ሰጠሁት። አንቺ በአፍሽ፣ እኔ በእጄ፣ ሁለታችንም ልንፈጃቸው ነበር!" ብሎ መነጽሩን እንኳ ሳያነሳ ወጣ። ጦይባ ናት ያነሳችለት።

ሁለቱም ዳገቱን ሮጡ። ሸህ ሙሄ ከጥላው ብድግ አሉ። "ታረቃችሁ እንዴ?"

"ታርቀናል!"

"ያለ እኔ?"

"ኋላ ይመርቁናል ሸህ ሙሄ!"

ሸህ ሙሄም በቆሏቸውን ለወፍጮው ትተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ተከተሏቸው።

እንግዲህ አሁን አንዳችሁም እንዳታቋርጡኝ። ጦይባ ሰፌዷን ለቃ ነበርና እንድሪስ ኩርፊያውን ለቀቀ፤ እንድሪስ ለስመኝ በጆሮዋ ተናገረ፤ የይለፍ ቃሉ ተጻፈ፤ መዝገቡ ተገለጠ። ስመኝም አንዲት መስመር ጻፈች፤ ድምፁ ወደ ፒን አሥራ ዘጠኝ ይሂድ፣ ፒን አሥራ ስምንት ለማራገቢያዋ ይመለስ። እንድሪስ በዚያ በማይንቀጠቀጥ እጁ የድምፅ ማጉያዋን ሽቦ ነቅሎ አሥራ ዘጠነኛው ላይ ሰካ። ቦርዷ ጠፍታ በራች። ከርነሉ ተነሳ፣ መዝገቡን አነበበ፣ "እንዲህ ተብሎ ከተጻፈማ" አለ፤ ፒኑን ፈታው፤ ፒኑ ሪሌውን አዘዘው፤ ሪሌው ጠቅ ብሎ ከፈተ፤ ማራገቢያዋም…

ዞረች!

"እሰይ!" አለች ጦይባ። "እሰይ የኔ እመቤት! ዙሪልኝ!"

አራቱም አፋቸውን ከፍተው በላፕቶፑ ላይ ቁጥሩን ያያሉ። ሠላሳ ስምንት ከዘጠኝ። ሠላሳ ስምንት ከስድስት። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ሰባት ተኩል ሲሆን ሪሌው ጠቅ አለ፣ ማራገቢያዋ ራሷ አውቃ ቆመች። ሸህ ሙሄ እዚያው ጓዳ ውስጥ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ ያላስታረቁትን ዕርቅ መመረቃቸው እስከዛሬ ይከነክናቸዋል ይባላል።

የይለፍ ቃሉ ምን ነበር የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልነግራችሁም። ስመኝ በማግስቱ አስቀይራዋለች፤ አሁን ሦስት ሰው ያውቀዋል፣ አንዱ ቢያኮርፍ ሁለቱ እንዲናገሩ።

ሃያ አንደኛው ቀን ሲደርስ ጓዳው በሴት ሞላ። ቅርፊት ተሰነጠቀ፤ አንዱ ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይቆጥራል? ጦይባ ቆጠረች፤ ከሦስት መቶው ሁለት መቶ ስድሳ አንድ። ያልወጡት አሳዘኗት፣ የወጡት ግን እንደ ሽንብራ ቆሎ ሣጥኑን ሞልተው ይንጫጫሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጦይባ እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻቸውና በሁሉም ፊት የበደለችውን ተናገረች፣ አንዲት ቃል ሳታስቀር። ቀና ብላ ብትፈልገው እንድሪስ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ቀን ሳቅ ወዲህ ሴቶቹ የተሰበሰቡበት ቤት መግባት ይፈራል።

"ግባ እንጂ!" አለችው።

"እዚህ ይበቃኛል" አለ። ጉሮሮውን ጠረገና፣ ሰው እንደሚለው "እንኳን ደስ አለሽ ጦይባ" አላት።

ጫጩቶቹ ጸጥ አሉ። ሁለት መቶ ስድሳ አንዱም ወደ በሩ ዞሩ፣ እየተደነቃቀፉ፣ ገና እርጥብ የሆነው እርጥብ እንደሆነ፣ ድምፁ ወደመጣበት ወደ ሣጥኑ ጠርዝ ሮጡ። እንድሪስ ከበሩ አንገቱን አሰገገ። እንደምንም "ኧረ… እኔ ነኝ ልጆቼ" ቢላቸው፣ ሁሉም በአንድ አፍ "ጪው" አሉት።

ሣቀ። ቀድሞ የሣቀው እሱ ነው፤ ዕንባው እስኪወርድ ሣቀ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሌላው የሣቀው። ጦይባም እጁን ይዛ አስገባችው።

ተረቴን ጨርሻለሁ፤ እናንተም የታቀፋችሁት ሁሉ ይፈልፈልላችሁ።